የእትዬ መደብ

የወሰዱኝ ከቢሮዬ ነው። ረፋዱ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ። መስኮቱ ሥር በተቆረጡ የውሃ ፕላስቲኮች ያፈላሁት የሰላጣ ችግኝ ነበረኝና ጎንበስ ብዬ ውሃ ሳጠጣው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ገቡ። ሴትዮዋ ስልኬን ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። አንደኛው ሰውዬ ችግኙን ዝቅ ብሎ አየና፣ "ይሄ ምንድነው?" አለኝ።

"ሰላጣ ነው።"

"እሺ፣ እንሂድ።"

ያን ጊዜ የአንድ ወረዳ የከተማ ግብርና ባለሙያ ነበርኩ። ከዚያ ቀን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ወንዝ ዳር አትክልት የሚያለሙ ሴቶች መሬታቸው ለግንባታ ስለተፈለገ በሦስት ቀን ልቀቁ ሲባሉ፣ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ልክ አይደለም ብዬ ተናገርኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ያንኑ ፌስቡክ ላይ ጻፍኩት። ብዙ ሰው ተቀባበለው። ጣቢያ ስደርስ "ሕዝብን ለአመፅ ማነሳሳት" የሚል ስም ወጥቶለት ጠበቀኝ። ደፋር ሴት ነኝ ብዬ አስብ ነበር። አሁን የምናገረው ግን ስለ ድፍረቴ አይደለም።

ገርጂን አልፈን ወደ ምሥራቅ ሄድን። በመኪናው መስኮት የሚታየኝ ያላለቀ ፎቅና ክሬን ብቻ ነበር። የጣቢያውን ስም አልጠራውም። ግቢው አዲስ ነው፤ አጥሩ ገና አልተለሰነም። የሴቶቹ ክፍል መጀመሪያ ዕቃ ማስቀመጫ እንዲሆን የተሠራ ነበርና መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ሦስት የብሎኬት ቀዳዳዎች አሉ፣ በነሱ ነው ብርሃን የሚገባው። ከቦሌ የሚነሱት አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ሲያልፉ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

በሩ ሲከፈት የጠበቅኩት የሽንት ሽታ ነበር። እሱም ነበረ። ከሱ ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ፤ በሶብላ። ድንጋጤ ያመጣብኝ መስሎኝ ቆም ብዬ አሸተትኩ። በሶብላ ነው።

አሥር ሴቶች ነበሩ፤ አሥራ አንደኛ ሆንኩ። የክፍሉ ኃላፊ፣ በእስረኛ አጠራር ካቦዋ፣ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። በሩ አጠገብ ቦታ ሰጠችኝ። ከጎኔ የምትተኛው የባንክ ሠራተኛ ነበረች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር። ባሏ በፖለቲካ ይፈለግ ነበርና እሱን ሲያጡት እሷን አመጧት። ሳልጠይቃት የብርድ ልብሷን ግማሽ ወደ እኔ ገፋችልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ያበጠ እግሯን እያሸሁላት፣ ስለ ልጇ ስታወራ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር። እዚያ ቤት የኔ የምለው ነገር ያ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ለሩብ ሰዓት ፀሐይ አወጡን። መደቡን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በአጥሩና በውሃ ታንከሩ መሃል፣ ታንከሩ በሚያፈስበት በኩል፣ ቁመቱ ሦስት ሜትር የማይሞላ፣ ወርዱ በሁለት እርምጃ የሚያልቅ መሬት አለ። እላዩ ላይ ጎመን ተተክሏል። በጎመኑ ረድፍ መሃል ነጭ ሽንኩርት። ከቃሪያው ጎን በሶብላ። ጥግ ላይ ድንብላል፤ እንዲያብብ ሆን ተብሎ ሳይቆረጥ የተተወ፣ ንብ የሚዞርበት። ግድግዳውን ተደግፎ ዳማከሴ። ጤና አዳሙ ደግሞ ከሁሉ ተለይቶ፣ ከጎመኑ ርቆ፣ ለብቻው ነበር። መሬቱ በደረቅ ሣር ተጎዝጉዟል። ተቀምጬ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጌ ጣቴን ሰደድኩ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ለስልሶ ጣቴን ዋጠው፤ ትል አለበት። አንድ እርምጃ አለፍ ብሎ ያለው መሬት ሲሚንቶና ጠጠር ነበር።

"ማነው ይሄን የሠራው?" አልኩ።

"እትዬ ናቸዋ!" አለች ነፍሰ ጡሯ፣ የራሷን እናት የምታስተዋውቅ ይመስል።

አንድ ነገር መናገር አለብኝ። የማስተርስ ጥናቴ ጎመንን ከመድኃኒት ዕፅዋት ጋር አሰባጥሮ ስለመትከል ነበር። ሽታቸው ተባይ እንደሚያርቅ፣ አበባቸው ጠቃሚ ነፍሳት እንደሚጠራ፣ አፈሩ እንዴት እንደሚያገግም፣ ምርቱ እንዴት እንደሚጨምር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለቢሮዬ ዕቅድ ጻፍኩ። አንድ ጊዜ የሠርቶ ማሳያ መሬት ተፈቀደልኝ፤ ውሃው ተቋረጠና ደረቀ። ሥልጠና ሰጠሁ፤ ሰዎቹ ስልካቸውን እያዩ አዳመጡኝ። ጥናቱ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ቀረ። ሌላው ቀርቶ እናቴ እንኳን አልገለጠችውም።

አሁን እዚህ፣ እስር ቤት ግቢ ውስጥ፣ ጥናቴ በቅሎ ቆሟል። ያበቀለው ሌላ ሰው ነው።

እትዬ ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አጠር ያሉ፣ ደልደል ያሉ ሴት፤ ጥፍራቸው ሥር ምንጊዜም አረንጓዴ አለ። ሾላ ገበያ ከሃያ ዓመት በላይ የሽታ ቅጠልና የባህል መድኃኒት ሸጠዋል። የታሰሩት በልጃቸው ነው። "እስኪመጣ ተቀመጪ አሉኝ፤ ተቀምጫለሁ" ይላሉ፣ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው።

መደቡ የተገኘው ከስንቅ ነው። እህታቸው ከምግቡ ጋር ሽታ እንዲሆን አንድ ዘለላ በሶብላ፣ አንድ ጤና አዳም ክዳኑ ላይ ሻጥ ታደርጋለች፤ ፈታሿ ለሽታ ነው ብላ ታሳልፋለች። እትዬ ዘለላውን በተቆረጠ ፕላስቲክ ውሃ ውስጥ እያቆሙ ሥር እስኪያወጣ ይጠብቃሉ። የቃሪያውን ፍሬ ከወጥ ውስጥ ሳይሆን ከስንቅ ጋር ከመጣ ጥሬ ቃሪያ አውጥተው አደረቁ። ጎመኑን ከነእግሩ ከመጣ ቅርንጫፍ ተከሉት። የሽንኩርት ልጣጩን፣ የሻይ ቅጠሉን፣ የፖሊሶቹን ማድ ቤት አመድ ሳይቀር አፈሩን አበሉት። ጠጠሩን በእጃቸው ለቀሙ። አራት ወር ፈጀባቸው። በዚህ ምክንያት የሴቶቹን ክፍል የምትጠብቀው ሳጅን ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ውጭ እንዲቆዩ ትፈቅድላቸዋለች። እኛ ሩብ ሰዓት፣ እሳቸው ሁለት ሰዓት።

ያን ቀን ጠጋ ብዬ እንደ ፈታኝ ጠየቅኳቸው። "ነጭ ሽንኩርቱ ለምን እዚህ መሃል ገባ?"

"ክሽክሽ ሽታውን አይወድማ።"

ክሽክሽ ከጎመን ቅጠል ጀርባ ተጣብቆ ጭማቂውን የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ነው። ትክክል ናቸው።

"ጤና አዳሙስ ለምን ተለየ?"

"እሱ ጎረቤት አይወድም። አጠገቡ ያለውን ያቀጭጫል።"

አሁንም ትክክል። "ይሄን ሁሉ ማን አስተማረ?"

"ማን ያስተምረኛል ልጄ? ቅጠሉን የምገዛው ከገበሬው ማሳ ላይ ነው። የማን ጎመን ንፁህ እንደሆነ፣ ጎኑ ምን እንዳለ፣ ሃያ ዓመት አያለሁ።"

ክፍል ከገባን በኋላ ለሴቶቹ፣ "ይሄ ሰብል ማሰባጠር ይባላል። እኔ በዚህ ነው የተመረቅኩት" አልኳቸው። "እሺ" አሉኝ። ወዲያው ፊታቸውን ወደ እትዬ መልሰው ለራስ ምታት የሚሆነው የትኛው እንደሆነ መጠየቃቸውን ቀጠሉ።

ቅናቱ የጀመረው ያኔ ነው። ሌላ ስም አልሰጠውም። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁሉም አንቱ ይላቸዋል። እኔ ግን በነዚያ ሳምንታት ምንም አልጠራኋቸውም። "እትዬ"ም፣ "እርስዎ"ም እንዳይመጣ አረፍተ ነገሬን እያጣመምኩ እናገር ነበር። ሳጅኗ ጠዋት በሩን ከፍታ "እትዬ፣ ይውጡ" ስትል ብድግ እልና መልሼ እቀመጣለሁ። እሳቸው ወጥተው እኛ ጨለማው ውስጥ ስንቀር በብሎኬቱ ቀዳዳ የመኮትኮቻ ድምፅ ይሰማል፤ አሮጌ ማንኪያ ነበር መኮትኮቻቸው። ያ መሬት የኔ ነው እያልኩ እቆጥራለሁ። የኔ ዕውቀት ነው። የኔ ፀሐይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎመኑን ቀንጥሰው ከሁሉም ስንቅ ጋር ሲያካፍሉ፣ እበላለሁ፤ ይጣፍጣል፤ መጣፈጡ ራሱ ያናድደኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ነፍሰ ጡሯ ፍራሿን ጠቅልላ ተነሳች። "በሩ ጋ ይበርደኛል" አለችና እትዬ ጎን ሄዳ ተኛች። እውነት ነው፣ በሩ ጋ ይበርዳል። ያን ቀን እትዬ እግሯን ሲያሹላት፣ ልጅቷ ስትስቅ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ የጣቢያው አዛዥ ቢሮው አስጠራኝ። ደህና አድርጎ አነጋገረኝ፤ ወንበር ሰጠኝ። የበላይ አካል ጉብኝት አለ፤ ግቢው ውስጥ አትክልት መልማቱን ሰምተው ማየት ይፈልጋሉ። "አንቺ ባለሙያ ነሽ ተብያለሁ" አለኝ። "ሴትዮዋ የሠራችው ሥራ ትክክል ነው? ለእንግዳ የሚታይ ነው?"

ትክክል ነው ማለት አንድ ቃል ነው። አላልኩም።

"ጎመኑ ጥሩ ነው" አልኩ። "ግን ጤና አዳም አለበት።"

"ጤና አዳም ምን ይሆናል? ቡና ላይ የሚደረገው አይደል?"

"በብዛት ከተወሰደ ፅንስ ያስወርዳል። ክፍላችን ውስጥ ደግሞ ነፍሰ ጡር አለች።"

ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። "ሴትዮዋ ለእስረኛ ትሰጣለች እንዴ?"

"ቅጠል ስትጨምቅላቸው አይቻለሁ።"

ውሸት አልነበረም። ካቦዋ ምች መትቷት ከንፈሯ ሲቆስል እትዬ ዳማከሴ ጨምቀው ሰጥተዋታል፤ አይቻለሁ። ምን ቅጠል እንደሆነ፣ ለማን እንደሆነ አዛዡ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። እሷ እያልኩ ስለሳቸው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ አፌን ቀለለኝ።

"በኔ ግቢ ፅንስ ቢወርድ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "መደቡን አንቺ ትይዢዋለሽ። እንግዶቹ ሲመጡም አንቺ ታስረጃለሽ። ዋስትናሽን በተመለከተ… በሚቀጥለው ቀጠሮ ፖሊስ ላይቃወም ይችላል" አለኝ።

በማግስቱ ሁለት ፖሊሶች አካፋ ይዘው መጡ። እኛ በሩ ጋ ተደርድረን ቆመናል። የትኛው ቅጠል የትኛው እንደሆነ ስላላወቁ ጠቁሚ ተባልኩ። ጠቆምኩ። "ጎመኑንና ቃሪያውን ተዉት፤ ሌላውን" አልኩ። ጤና አዳሙን ብቻ ማለት እችል ነበር። በሶብላው ተነቀለ፤ ዳማከሴው ተነቀለ፤ ድንብላሉ ከነአበባው፤ ነጭ ሽንኩርቱ ገና ሳይደርስ። ግቢው በሙሉ ሸተተ።

እትዬ አልጮሁም። አንድ ጊዜ ብቻ ድምፃቸው ተሰማ፤ ፖሊሶቹን ነበር። "ቀስ በሉ ልጆቼ፤ የጎመኑን ሥር እንዳትነኩት።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፀሐይ እንኳን እንዳይወጡ ተከለከሉ። እህታቸው የምታመጣው ስንቅ ሁለቴ እየተማሰለ ይገባል፤ ቅጠል የሚባል ነገር አይገባም። ጉልበታቸውን ያማቸው ነበርና ጨለማውና ብርዱ ሲበዛ ሽንት ቤት ለመሄድ ሰው መደገፍ ጀመሩ። እኔ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሰዓት ውጭ ነኝ። ባዶ የቀረውን ቦታ ፈንቅዬ የሰላጣ ዘር በቀጥታ መስመር ዘራሁ፤ ለእንግዳ ዓይን እንዲያምር። ፀሐይዋ ጀርባዬ ላይ ደህና ነበረች። ደስታው ግን ከሁለት ቀን በላይ አልቆየም። ሳጅኗ ስትጠራኝ "ነይ ውጪ" ብቻ ትላለች።

በዘጠነኛው ቀን የጎመኑን ቅጠል ገልብጬ ሳይ ከሥሩ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ክሽክሽ። በጣቴ ጨፈለቅኩት። በማግስቱ ሁለት እግር ጎመን ላይ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን አምስት። ቅጠሉ መጨማደድ ጀመረ። ምክንያቱን ከኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ከአንዲት ሴት በቀር አልነበረም፤ እሳቸውም ውስጥ ተቀምጠዋል። መቶ ሃያ ገጽ ጥናት የጻፍኩት ስለዚሁ ነው።

ያን ቀን ወደ ክፍል ስመለስ ነፍሰ ጡሯ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ስታለቅስ ቆይታለች።

"እትዬ በኔ ምክንያት ነው አይደል የተቀጡት? ለኔ ቅጠል ሰጡ ተብሎ ነው አሉ።"

ጣቴ ላይ የቀረውን አፈር አራገፍኩ።

"ለኔ እኮ አንድ ቀን እንኳን አልሰጡኝም! ያን ቅጠል ሲቆርጡ እኔን ከማዶ ነበር የሚያስቀምጡኝ። 'ሽታውም ይቅርብሽ፣ ላንቺ አይሆንም' ይሉኛል። ማነው እንዲህ አድርጎ ያወራባቸው?"

ዓይኗ ውስጥ ምንም ጥርጣሬ የለም። ብትጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።

"አላውቅም" አልኳት።

ከዚያ በኋላ ያለው ምሽት ረጅም ነበር። ስለ ቀጠሮዬ አሰብኩ፤ ስምንት ቀን ቀርቶታል። ስለ ወንድሜ አሰብኩ፤ በየሳምንቱ ከሥራው እየቀረ ስንቅ ይዞ አጥሩ ሥር የሚቆመው። አንዴ ከወጣሁ በኋላ እትዬን በሌላ መንገድ እረዳቸዋለሁ አልኩ። ራሴን ለማሳመን ብዙ ሞከርኩ፤ ሳይሆንልኝ ነጋ።

እንግዶቹ የመጡት በዚያው ሳምንት ረቡዕ ነው። አራት ናቸው፤ አንዱ ካሜራ ይዟል። አዛዡ ልብሱን አስተኩሶ ለብሷል። ከጎመኑ የታመመውን ቅጠል ጠዋት ቀንጥሼ ጥያለሁ፤ ከርቀት ምንም አይታይም። "ባለሙያችን ታስረዳችኋለች" አለ አዛዡ።

አፌን ስከፍት ምን እንደምል አልወሰንኩም ነበር። በእውነት። ከእንግዶቹ መሃል መነፅር ያደረገች ሴት ጎንበስ ብላ አፈሩን ነካች፤ "እንዴት ያለ አፈር ነው! አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽው?" አለችኝ።

"አይደለሁም" አልኩ።

አዛዡ ዞር ብሎ አየኝ።

"ይሄን መደብ ያለሙት ውስጥ ያሉ እናት ናቸው። በመሃሉ የመድኃኒት ዕፅዋት ነበሩበት፤ ጎመኑን ከተባይ የሚጠብቁት እነሱ ነበሩ። አሁን ክሽክሽ ገብቶበታል።" አንድ ቅጠል ገልብጬ አሳየኋቸው። "ዕፅዋቱ የተነቀሉት እሳቸው ለነፍሰ ጡር ሰጡ ተብሎ ነው። አልሰጡም። እንደውም ያርቋት ነበር። እንደሰጡ የሚያስመስል ነገር የተናገርኩባቸው እኔ ነኝ። አሁን ፀሐይ ተከልክለው ጨለማ ውስጥ ናቸው።"

ካሜራ የያዘው ሰው ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

"ለምን ተናገርሽባቸው?" አለች ባለመነፅሯ።

"ቀንቼ።"

ሳጅኗ ክንዴን ይዛ ወደ ክፍል መለሰችኝ። ስንሄድ እጇ እንደ ሌላው ቀን አልጠነከረም።

ክፍል ስገባ አልተቀመጥኩም። እዚያው በሩ ጋ ቆሜ ለሁሉም ነገርኳቸው፤ አዛዡ ምን እንዳለኝ፣ ምን እንዳልኩ፣ ምን እንዳላልኩ። ካቦዋ አንገቷን አቀረቀረች። ነፍሰ ጡሯ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትመለከተኝ ነበር፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች። እትዬ ጉልበታቸውን እያሹ ነበር፤ ማሸታቸውን አላቆሙም።

"ጨረስሽ?" አሉኝ።

"ጨርሻለሁ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ቆይ እንጂ ልጄ። አሁን ተናድጃለሁ። ሲበርድልኝ እነግርሻለሁ።"

አንዲት ሴት ሳቀች። ሌሎቹ ግን አልሳቁም፤ ለብዙ ቀን አላናገሩኝም።

አዛዡ በማግስቱ እትዬን ለፀሐይ አወጣቸው፤ መደቡንም መለሰላቸው። ለፍትሕ ብሎ አይመስለኝም፤ ባለመነፅሯ ተመልሳ ትጠይቃለች ብሎ ፈርቶ ይመስለኛል። የኔ ወንድም ለሦስት ሳምንት እንዳይጠይቀኝ ተደረገ። ቀጠሮዬ ደረሰ፤ ፖሊስ ዋስትናውን ተቃወመ፤ ምርመራዬን አልጨረስኩም ብሎ አሥራ አራት ቀን ወሰደ። ከዚያ ሌላ አሥራ አራት ቀን።

እትዬ ለፀሐይ መውጣት በጀመሩ በሁለተኛው ቀን ከመደቡ ሲመለሱ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ። አልተቀመጡም።

"ክሽክሹ ከየትኛው እግር ነው የጀመረው?"

"ከግድግዳው በኩል፣ ከሁለተኛው።"

"ሽንኩርቱ በተነቀለ በስንተኛው ቀን?"

"በዘጠነኛው አየሁት። ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ቅጠሉን አልገለበጥኩም ነበር።"

"ድንብላሉ በሄደበት በኩል ነዋ" አሉ ለራሳቸው። "ንቡም፣ ያቺ ክሽክሹን የምትበላው ቀይ ጥንዚዛም ትጠጋው የነበረው እሱን ነበር። ድንብላል ከሽንኩርቱ ይቀድማል ማለት ነው?"

"ይመስለኛል። እኔም ጥናቴ ላይ ያየሁት ይሄንኑ ነው። አበባ ያለበት በኩል ዘግይቶ ነው የሚገባው።"

"እ። እንግዲያው ድንብላሉን አስቀድማለሁ።" ሄዱ።

በሕይወቴ ሰው ስለ ሙያዬ ጠይቆኝ፣ መልሴን ይዞ ሄዶ ሲሠራበት ያን ቀን ገና መጀመሪያዬ ነበር። ብርድ ልብሱን እስከ አፌ ስቤ ተኛሁ።

ነፍሰ ጡሯ ከኔ በፊት ተፈታች። በሰላም ወለደች ሲባል ሰምቻለሁ፤ ሴት ልጅ ናት። አትደውልልኝም፤ አልፈርድባትም። እኔ የተፈታሁት ከመጣሁ በአምስተኛው ወር ነው። ፌስታሌን ይዤ ስወጣ እትዬ መደቡ ላይ ነበሩ። አዲሱ በሶብላ የጉልበት ቁመት ደርሷል። ሳጅኗ እንድሰናበታቸው ፈቀደችልኝ።

"እትዬ፣ ልሄድ ነው።"

"ሂጂ። ገና ሙሉ ለሙሉ አልበረደልኝም፤ እውነቱን ነግረሽኛልና እኔም አልዋሽሽም።" እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ጨበጡኝ። "ሾላ ስትመጪ ግን አታልፊኝ።"

ወደ ቢሮዬ አልተመለስኩም። ከዚያ ወንዝ ዳር ከተነሱት ሴቶች ሁለቱ ገርጂ ውስጥ አንድ ሰፊ ጓሮ ተከራይተው ነበርና ከነሱ ጋር እሠራለሁ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፤ በየመሃላቸው ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ጥግ ጥጉን ድንብላል። ሦስት ክረምት አልፎበታል፤ መጀመሪያ እንደ ሲሚንቶ የደረቀው አፈር አሁን በጣት ይቆፈራል። ሊያዩን የሚመጡ ሰዎች ይሄን የት ተማርሽ ሲሉኝ፣ ግማሹን ዩኒቨርሲቲ፣ ግማሹን እስር ቤት ከአንዲት የቅጠል ነጋዴ እላቸዋለሁ። የሚስቁ አሉ። ቀልድ ይመስላቸዋል።

እትዬ ከኔ በኋላ ብዙ ቆይተው ተፈቱ። ስለ ልጃቸው አልጠይቃቸውም፤ እሳቸውም አያነሱልኝም። ሾላ የድሮ ቦታቸው ላይ ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት እሄዳለሁ። ምንጊዜም አምስት ስድስት ሰው ከቧቸዋል፤ ለጉንፋን፣ ለሆድ፣ ለጓሮ፣ የሚጠየቁት አያልቅም። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟቸዋል። እኔን እንደዚያ የሰማኝ ሰው የለም። ያ ነገር አሁንም ደረቴ ውስጥ ይነቃል። ጠፍቷል ብል ውሸት ነው፤ ዕድሜ ልኬን አብሮኝ የሚኖር ይመስለኛል። ሲነቃ አውቀዋለሁ፤ ያኔ አላውቀውም ነበር፣ ወይም ሌላ ስም እሰጠው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከሰዎቹ ኋላ ቆሜ ሳለሁ አዩኝ።

"አንቺ ባለሙያ፣ ተራሽን ጠብቂ" አሉኝ፣ ሳቅም ቁጣም በሌለው ድምፅ።

"እሺ፣ እትዬ" አልኳቸውና ቆሜ ጠበቅኩ።